ምናለ ምን አለ?

ፌርፋክስ ላይ ነን። ከኦሎምፒክ ወረድ ብሎ፣ ዊትወርዝ ሳይደርስ። እዚህ የትኛውም ምግብ ቤት ብትገቡ አንድ ሰው አለ። መስኮቱ ጋ ይቀመጣል፤ ሦስተኛ ስኒውን ይዟል። እንግዳ ገብቶ «እዚህ አካባቢ ምን የሚታይ ነገር አለ?» ብሎ አስተናጋጇን ሲጠይቅ ቀድሟት የሚመልሰው እሱ ነው። «ምን አለ? ምንም የለም! ባሕር ዳር ሂድና ነፋስ ተቀበል።» ባሕር ዳር የሚለው ሳንታ ሞኒካን ነው። እኔ ስም አውጥቼለታለሁ፤ ምናለ ብዬዋለሁ። «ምን አለ» ሲል ውሎ «ምን አለ» ሲል ስለሚያመሽ።

ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ! ጀበናው ገና ነው፤ ሰውየው ግን በስሏል።

ምንም የለም አልክ ምናለ? ከወንበርህ ተነስተህ ፌርፋክስን ይዘህ ወደ ሰሜን ሽቅብ በል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላህ ዊልሻየር ነህ። እዚያ መስቀለኛ መንገድ ላይ ዓይንህን ጨፍነህ ብትራመድ እንኳ ግንባርህ ሙዚየም ይመታል። በቀኝህ የመኪናው ፒተርሰን፣ ከማዶ የፊልሙ አካዳሚ፣ አለፍ ሲል ላክማ፣ ከላክማ ቀጥሎ የዝፍቱ ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ ፊት ለፊት የእጅ ጥበቡ ቤት። አምስት ሙዚየም በአንድ መንገድ። አንተ በአንድ ወንበር። የከተማው ምክር ቤት በ2002 በፈረንጆቹ ሰፈሩን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሲሰይመው እዚሁ ወንበር ላይ ነበርክ። አሁንማ ወንበሩን ለሙዚየም ብንሰጠው ይቀበሉናል። ከነተቀማጩ።

«ሩቅ ነው» ይላል። ሰማችሁት? በመካከል ያለው መንገድ ስሙ ማን ነው? ኦሎምፒክ! ድሮ አሥረኛ መንገድ ነበር፤ ከተማዋ በ1932 አሥረኛውን ኦሎምፒክ ስታዘጋጅ ስሙን ቀየሩት። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ኦሎምፒክን በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ጨረሰው። አንተ በአዲስ ስኒከር፣ ያውም አረንጓዴ መብራት በርቶልህ፣ ኦሎምፒክን መሻገር አቃተህ። ኦሎምፒክን ያሸነፈ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። ኦሎምፒክ ያሸነፈው አንተን ብቻ ነው።

«በመኪና እንዳልሄድ ፓርኪንግ የለም።» እሺ፣ የፓርኪንግ ነገር ካነሳህ ስማ። በ2006 ላክማ የመኪና ማቆሚያ ሊሠራ መሬት ሲቆፍር ማሞዝ ወጣ። ያ የጥንት ዝሆን። አጽሙ ብዙም ሳይጎድል፣ ረጃጅም ጥርሶቹ ሳይነቀሉ። ስሙን ዜድ አሉት። በዙሪያው የነበረውን አጥንት የተሞላ አፈር በ23 ትልልቅ የእንጨት ሣጥን ጭነው ጉድጓዶቹ ጋ አስቀመጡትና ዓመታት ሙሉ በትንሽ መሣሪያ ለቀሙት። እነሱ ፓርኪንግ ሲፈልጉ ማሞዝ አገኙ፤ አንተ ፓርኪንግ ስትፈልግ ቲኬት ታገኛለህ። እነሱ ዜድ አገኙ፤ አንተ ዘዴ አጣህ። ማሞ ቂሎን በደንብ ታውቀዋለህ፤ ማሞዝን ግን አታውቀውም።

የዝፍቱን ጉድጓድ ካነሳን አይቀር ስሙ ራሱ ተረብ ነው። ላ ብሬያ በስፓኒሽ ዝፍቱ ማለት ነው፤ ላዩ ላይ በእንግሊዝኛ የዝፍት ጉድጓድ ጨመሩበት። ሲተረጎም «የዝፍቱ የዝፍት ጉድጓድ» ነው። ምናለ ይህን ሲሰማ «ዝፍት ነገር ለማየት ነው የምነሳው?» አለ። ዝፍትማ ነው! ግን ዝፍት ሆኖ ከ35 ሺህ ዓመት በላይ አጥንት አልበሰብስም ያስባለ ዝፍት ነው። አንተ እኮ ትናንት የነገሩህን ምስጢር እስከ ዛሬ አላቆየህም።

የእህቴን ልጅ ይዤው ሄጄ ነበር፤ ሰባት ዓመቱ ነው። አጥሩን ጨብጠን ቆምን። ጥቁሩ ውሃ ላይ አረፋ ቀስ ብሎ ያብጣል፣ እንደሚፈላ ገንፎ ይወጠራል፣ ይፈነዳል፣ ክብ ሠርቶ ይጠፋል። ሽታው አዲስ አበባ መንገድ ሲሠራ በርሜል ውስጥ የሚቀልጠው ሬንጅ ነው፤ ቁርጥ እሱ! ውሃው ውስጥ የማሞዝ ሐውልት አለ፣ እስከ ሆዷ ተውጣ ኩምቢዋን የምታነሳ እናት። ዳር ላይ ግልገሏ ቆሟል። ልጁ ለረጅም ጊዜ ሳይናገር ቆየና «ለምን ገመድ አይጥሉላትም?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ወደ ውስጥ ስንገባ ግድግዳ ሙሉ የተኩላ ራስ ቅል አለ፤ በብርሃን የተደረደረ 404 ራስ ቅል። ከዚያ ጉድጓድ የወጣው የዚህ ዓይነቱ ተኩላ ከ4 ሺህ ይበልጣል። እንዴት ሊሆን ቻለ? ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሣር በሊ ይያዛል። ይጮኻል። ተኩላው «ምሳ ቀረበ» ብሎ ይመጣል፤ እሱም ይያዛል። የእሱን ጩኸት የሰማ ሌላ ተኩላ ይከተላል። እሱም ይያዛል። ስለዚህ ጉድጓዱ ውስጥ ከተበዪው ይልቅ በዪው በዝቶ ተገኘ።

ምናለ፣ ይህ የማን ታሪክ መሰለህ? የዚህ ጠረጴዛ! አንዱ «አንድ ቡና ብቻ» ብሎ ይቀመጣል። ሌላው ሰላም ሊለው ጎንበስ ይላል፤ ይያዛል። ሦስተኛው «የማን ክትፎ ነው?» ብሎ ጎራ ይላል፤ አለቀለት። አቦል ላይ ቁርጭምጭሚት ገባ፣ ቶና ላይ ጉልበት፣ በረካ ላይ ወገብ። ከዚያ ወዲያ የሚያወጣህ የአጥንት ባለሙያ ብቻ ነው። እኔ ዛሬ የመጣሁት ገመድ ልጥልልህ ነው፤ ያዘው!

ጀለስ ግን አይይዝም። (የሎስ አንጀለስ ጀለስ እንዲህ ነው።) አሁን ደግሞ «ሙዚየም የፈረንጅ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ብሎ ሌላ በር ከፈተ። ፌርፋክስ ላይ ተቀምጠህ ትንሽ ፌር ሁን እንጂ! ያ ማዕዘኑ በወርቅ ያሸበረቀው ሕንፃ በ1939 ሜይ ካምፓኒ የሚባል ትልቅ ሱቅ ሆኖ ነው የተሠራው። ሬንዞ ፒያኖ የሚባለው ጣሊያናዊ አርክቴክት አድሶት፣ ከኋላው ኳስ የመሰለ ሲኒማ ለጥፎበት፣ መስከረም 2021 የአካዳሚው የፊልም ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። በመክፈቻው ሰሞን ግብዣ ተደርጎ «ቫንቴጅ» የተባለው ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጠ። ለማን? ለጎንደሬው ኃይሌ ገሪማ! ሶፊያ ሎረን በተሸለመችበት በዚያው ምሽት። ከዚያም ፊልሞቹ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተከታትለው ታዩ። የአንተ ሰፈር፣ የአንተ መንገድ፣ የአንተ አገር ሰው። አንተ የት ነበርክ? መስኮቱ ጋ።

ኃይሌ እዚሁ ከተማ፣ ዩሲኤልኤ ነው የተማረው። «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ አከፋፋይ ሲያጣ ፊልሙን ተሸክሞ ከተማ ለከተማ ዞረ። እሱ አሜሪካን ዞረ፤ አንተ ማዕዘን መዞር አቃተህ። ደግሞ «የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ አለን!» እያልክ ጠረጴዛ ትደበድባለህ። የኃይሌ የ1976 ፊልም ርእሱ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። አይተኸዋል? አላየኸውም። ሦስት ሺህ ዓመት ያለው ሰው ሁለት ሰዓት ከምናምን አጣ? በዚያው ሕንፃ ውስጥ «ጆውስ» በሚባለው ፊልም ሻርክ አምሳል የተሠራ ሻርክ ከኮርኒሱ ተሰቅሏል፤ ቁመቱ 25 ጫማ ነው። ሄደህ እየው። አፉን ከፍቶ የሚውል አንተ ብቻ እንዳልሆንክ ታውቃለህ።

ወደ ላክማ እንሂድ። ላክማ ስለው ኪሱን ያዘ! «ላክማ!» ብለው ከአገር ቤት የደወሉለት መስሎት። አይዞህ፣ ብር ላክ ያለህ የለም። የሎስ አንጀለስ ካውንቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። እዚያ በ2019 መገባደጃ ላይ የማን ሥራ ተሰቅሎ ነበር? የጁሊ ምሕረቱ! በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው። ላክማ ከኒውዮርኩ ዊትኒ ጋር አብሮ ያሰናዳው ትልቅ ዐውደ ርእይ ነበር፤ የሃያ ምናምን ዓመት ሥራዋ። ያኔ አንዱ በስልኩ አሳየውና ምናለ አንገቱን አዙሮ «ይሄንንማ ልጄም ይሞነጫጭረዋል» አለ።

እና ልጅህን ላክማ!

ለምን አትልከውም? ጭረት ያልከውን ቀርበህ ብታየው ሥሩ የሕንፃ ንድፍ ነው፤ ግንብ በግንብ ላይ፣ አደባባይ በአደባባይ ላይ፣ በቀጭን መስመር ተነባብሮ። በላዩ ላይ ነው ቀለሙና ጭረቱ የሚራወጠው። «ሞጋማ» በሚባለው አራት ክፍል ባለው ትልቅ ሥራዋ ውስጥ የካይሮው ታሕሪር አደባባይ አለ፣ የአዲስ አበባው መስቀል አደባባይም አለ። መስቀል አደባባይ ምናለ! አንተ «ናፈቀኝ» እያልክ በየዓመቱ ደመራ በስልክ የምታይበት። እሷ ሸራ ላይ አስቀምጣልሃለች፤ አንተ ሙዚየም ስትባል «ሙዝ የለም» ያሉህ ይመስል ወደ ኋላ ትመለሳለህ።

ደጁን ታውቀዋለህ፤ መካድ አትችልም። የመንገድ መብራቶቹን! ክሪስ በርደን በ2008 ያቆማቸው 202 የድሮ መብራቶች፤ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ጎዳና ላይ የነበሩ። ሙሽራ እዚያ ፎቶ ይነሳል፣ ተመራቂ ይነሳል፣ አንተም ሚዜ ሆነህ ተነስተሃል። እኛ መብራት ሲመጣ ሰፈር ሙሉ «መጣ!» ብለን ጮኸን ያደግን ልጆች ነን፤ ሲመሽ 202ቱ ባንዴ ቦግ ሲሉ ጉሮሮዬ ላይ የሚመጣው ያው ጩኸት ነው። ግን እናንተ ፍረዱ። ሰው ደጅ ድረስ ሄዶ፣ ከረቫት አስሮ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ በሩን ሳያይ ይመለሳል? አማትህ ቤት ብታደርገው ልጅቷን ይሰጡህ ነበር?

ከጀርባ ደግሞ ድንጋይ አለ። ማይክል ሃይዘር የሚባል ቀራጺ የመረጠው 340 ቶን ቋጥኝ። በ2012 ሪቨርሳይድ አካባቢ ከሚገኝ የድንጋይ ካባ ተጭኖ፣ ሌሊት ሌሊት እያዘገመ፣ በ11 ሌሊት 105 ማይል ተጉዞ መጣ። ሰው ከእንቅልፉ እየተነሳ መንገድ ዳር ወጥቶ ተቀበለው። ድንጋይ መጣ ምናለ! እግር የሌለው! አንተ ከ340 ቶን ትከብዳለህ? በ2005 የአክሱም ሐውልት ከሮም በአውሮፕላን ሲመለስ እንባህን የጠረግኸው እዚሁ ነበር፤ አይተንሃል፤ አልሳቅንብህም፤ አብረን ነው የጠረግነው። ለድንጋይ ማልቀስ የሚያውቅ ሰው ለድንጋይ ሩብ ሰዓት አይራመድም? ከቋጥኙ ሥር መሬቱ እንደ ቦይ ተቆርጧል። ቁልቁል ስትገባ ግድግዳው ግራና ቀኝ ከፍ እያለ ይሄዳል፣ ሰማዩ ይጠባል፣ ከዚያ ድንጋዩ አናትህ ላይ ነው። መጀመሪያ የወረድኩ ቀን ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ የምገባ መስሎኝ እጄ ሳላዝዘው ጫማዬን ሊፈታ ነበር። ለዚህ ስሜት አሥራ ምናምን ሰዓት የሚበርር ሰው አለ። ለአንተ ሁለት ዘፈን ሰምተህ ሳትጨርስ የምትደርስበት ነው።

የላክማ አዲሱ ሕንፃ ራሱ፣ ፒተር ዙምቶር የነደፈው ረጅሙ ኮንክሪት፣ ዊልሻየርን ከላይ በኩል ተሻግሮ ማዶ አርፏል። ሕንፃ ዊልሻየርን ተሻገረ። አንተ ኦሎምፒክን!

ፒተርሰን ላይ ብዙ አልቆይም፤ መኪና ስለምትወድ ራስህ ትቆያለህ። ፒተርሰን ማለት የጴጥሮስ ልጅ ማለት ነው፤ ዘመድ በለው። ቀይ ግድግዳ ላይ የብረት ጥብጣብ የተጠመጠመበት ሕንፃ ነው፤ ቀይ ወጥ የፈሰሰበት ስፓጌቲ ይመስላል። በራበህ ሰዓት ሳይቀር ሊስብህ ይገባ ነበር።

ከዝፍቱ ጉድጓድ ፊት ለፊት ግን ቆም እንበል። ክራፍት ኮንቴምፖራሪ የሚባለው ትንሹ ቤት በ1965 ሲጀመር ምን ነበር? ጋለሪና ኦምሌት ቤት! ስሙ ራሱ «እንቁላሉና ዓይኑ»። ኢዲት ዋይል የምትባል ሴት ቤቱን በእጅ ሥራ ሞላችው፣ ለሚርበው እንቁላል ጠበሰችለት። ውሎ አድሮ ሙዚየም ሆነ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉህ ተረት ይመስልህ ነበር፤ ይኸው ሄዶ ዊልሻየር ገባ! አንተ ሁለት እግር ይዘህ እንቁላል ቀደመህ። ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪውን፣ ስፌት ሰፊዋን አክብሮ የሚያሳይ ቤት ነው። በዓል ሲመጣ ጥበብ ለብሰህ ትወጣለህ፤ ጥበብ ሲሉህ ትሸሻለህ። ቅርስ ሲሉህ ቁርስ ትሰማለህ። ጋለሪ ሲሉህ «ምጣዱ ጋለ» ይመስልሃል። እንግዲህ እንቁላልም የነበረበት ቤት ነው፤ ከዚህ በላይ በምን እናባብልህ?

ምናለ አሁን ላብ ላብ ብሎታል። የመጨረሻዋን መዘዘ፤ «አገራችን ራሷ ሙዚየም ናት! እኔ እዚህ ምን ላይ?» አጨበጨባችሁ? ቆዩ፣ አትቸኩሉ።

ሙዚየም ናት፤ እውነት ነው። እና ገብተህባታል? አዲስ አበባ ሳለህ ስድስት ኪሎ በር ላይ ስንት ታክሲ ጠበቅህ? ከአጥሩ ውስጥ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም አለ። የንጉሡ መኝታ ቤት ሳይቀር ይታያል። አንተ ያየኸው የታክሲውን ረዳት ነው። ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ሄድክ፤ እውነተኛው ባሕር ዳር። ዓሣ በላህ፣ ጀልባ አየህ፣ ጀልባው ላይ ግን አልወጣህም። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ተሸፍኖ ቆሞ ነበር። ባሕር ዳር ሄደህ ባሕር ዳር ቁጭ ብለህ ተመለስክ። አገርህ ሙዚየም ከሆነች፣ አንተ በር ላይ የቆምክ የሙዚየሙ ዘበኛ ነህ። እሱም ቢሆን እረፍት ሲወጣ ገባ ብሎ ያያል!

«ጌቲ እንሂድ» ብትባል «የትኛዋ ጌቲ? ጸጉር ቤት ያላት?» ትላለህ። ተራራው ላይ ያለው ጌቲ ነው። መግቢያው ነፃ፤ የሚከፈለው ለመኪና ማቆሚያ ነው። በስብስቡ ውስጥ በ1500ዎቹ መጀመሪያ የተጻፈ የግዕዝ ወንጌል አለ። ብራና፣ ቀይና ጥቁር ቀለም፣ ዓይኑን አፍጦ የሚያይህ ወንጌላዊ። አንድ ጸሐፊ ቆዳ ፍቆ፣ ብዕር ቀርጾ፣ ጎብጦ የጻፈው። ፊደሉ የእኔና የአንተ ፊደል ነው። እዚያ ከሚያልፈው ሰው ሁሉ መካከል ሆሄውን አውቆ ድምፅ ሊያወጣለት የሚችለው ከፌርፋክስ የሚሄድ ሰው ነው። ሌላው ጌጥ ያያል፤ አንተ ታነብባለህ። እና አንተ ትቀራለህ?

ሌላም ልጨምርልህ። በ2013 ድንቅነሽ ራሷ መጥታ ነበር። አዎ፣ እሷ! የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አሮጊት፣ ሐዳር ተገኝታ፣ ውቅያኖስ ተሻግራ፣ አሜሪካን ዞራ፣ የመጨረሻ ማረፊያዋን ሳንታ አና የሚገኘው ባወርስ ሙዚየም አደረገች። ያገር ልጅ፣ የሁላችንም አያት፣ ደጃችን ድረስ። ምናለ ምን አለ? «ፍሪዌይ ይዘጋጋል።» እሷ በዚያ ዕድሜዋ፣ ከነአጥንቷ፣ ግማሽ አካሏ ጎድሎ መጣች፤ አንተ ሙሉ አካል ይዘህ ቀረህ። እሷ ድንቅነሽ፤ አንተ ድንቄም!

ይኸው ሳቀ። ከሳቀ ተይዟል፤ ወደ ላይ ጎትቱት። «ስንት ነው የሚያስከፍለው?» እያለ ነው፤ ጥሩ ምልክት ነው። ምናለ፣ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ ነዋሪ ነህ። ላክማ በሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ከ3 ሰዓት ጀምሮ የካውንቲውን ነዋሪ በነፃ ያስገባል፤ አድራሻህ ያለበትን መታወቂያ ያዝ። 3 ሰዓት ስልህ የፈረንጁን ነው፤ በሐበሻ 9 ሰዓት። ጠዋት 3 ሰዓት ሄደህ «ዝግ ነው፣ አላልኳችሁም?» እንዳትለን። ረቡዕ ደግሞ አትሂድ። ላክማም እንዳንተ ረቡዕ ይጾማል፤ በሩን አይከፍትም።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ስምንት ተኩል ሆኗል። ሒሳብህ ተከፍሏል። የእህቴ ልጅ ደጅ ቆሞ ይጠብቅሃል፤ ማሞዟ ገመድ ደርሷት እንደሆነ ሊያይ ቸኩሏል። ስኒውን አስቀምጥ። አራተኛ የለም፤ ከበረካ በኋላ የሚቀዳ ቡና የትም አገር የለም። መብራቱ አረንጓዴ ሆኗል ምናለ፣ ተሻገርማ!